ጨረር ያለችኝ ሴት

ስለ ቀኝ እጄ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ እጅጌዬን ወደ ታች ሳብ አደርግና ሌላ ወሬ እጀምራለሁ። ካምፓላ የምንኖር ሐበሾች ጥቂት ነን፤ ወሬያችን ግን ለአንድ ትልቅ አገር ይበቃል። የተቃጠልኩ ዕለት ያልነበረ ሰው ሁሉ ከነበሩት አሳምሮ ያወራዋል። እኔ ዝም አልኩ፤ እሷ ተናገረች። እሷ ስትናገር ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ሆነ። አሁን ደግሞ እኔ ልናገር።

እሷ የምላት ጣውንቴን ነው። ባለቤቴ በጁባ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ልጃችን አድጎ የራሱን እንጀራ ፍለጋ ከወጣ በኋላ፣ አንድ ቀን ከጁባ ሲመለስ ናሙዎንጎ ያለውን ቤታችንን አልፎ ኪሱጉ ሌላ ቤት ገባ። አልፈታኝም፤ ልብሱንም አልወሰደም። ዝም ብሎ እዚያው ቀረ። አብሯት የቀረው ሴት ከእኔ በብዙ ዓመት የምታንስ፣ ካባላጋላ ምግብ ቤት ያላት፣ እንግሊዝኛውንም ሉጋንዳውንም አቀላጥፋ የምትናገር ነበረች። ሴት ልጅ ወለደችለት። እኔ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ክትፎ ቤቴን ይዤ ቀረሁ።

ስለ ክትፎው ልናገር፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ሌላው ሰው ሥጋውን በማሽን ይፈጫል። እኔ የምከትፈው በቢላ ነው፤ መክተፊያው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ በቀኝ እጄ፣ ጅማቱን እየለቀምኩ፣ ሥጋው ጥርስ ሳይፈልግ እስኪላላ ድረስ። በማሽንና በእጅ የተከተፈውን ምላስ ይለየዋል። ከከተማው ማዶ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ተፈናጠው፣ አቧራ ጠጥተው የሚመጡልኝ ሰዎች የሚመጡት ለዚህ ነበር። እሷም ካባላጋላ ክትፎ ትሸጥ ነበር፤ የማሽን። ባሌን ወሰደች፤ ክትፎዬን ግን መውሰድ አልቻለችም። በዚህ እጽናና ነበር።

ባለቤቴ የሞተው እሷ ቤት ነው። ልቡ ነው አሉ። አርባውም በእሷ ግቢ ይወጣል ተባለ። "ግቢው ሰፊ ነው" አሉ ሽማግሌዎቹ። የእኔን ግቢ ለክቶ የሄደ ሰው አላየሁም።

በእኛ ወግ በእንዲህ ያለ ቀን ድስቱ ላይ የምትቀመጠው የሟች ሚስት ናት። ጭልፋ የያዘችን ሴት "አንቺ ማን ነሽ?" የሚላት የለም። ይህን ስለማውቅ የራሴን ጭልፋ በነጠላ ጠቅልዬ ሄድኩ። ስደርስ እሷ ትልቁ ድስት አጠገብ ቆማለች።

"እትዬ፣ እርስዎ ከሴቶቹ ጋር አረፍ ይበሉ እንጂ። ደክሞዎታል።"

እርስዎ የምትለኝ ለማክበር አይደለም፤ ለማስረጀት ነው። በመሃላችን ያለውን ዕድሜ በእያንዳንዱ ቃል ታስታውሰኝ ነበር።

"አልደከመኝም" አልኩና ጭልፋዬን ከነጠላዬ ፈታሁ። ጭልፋዬን አየችው፤ የራሷንም ጠበቅ አድርጋ ያዘች። በዚህ መሃል ከድንኳኑ አንዱ "ጸሎቱ አልቋል፣ ወጡ ይውረድ!" ብሎ ተጣራ።

ድስቱ ሲጊሪ ላይ ነበር፤ እዚህ አገር የከሰል ምድጃውን እንዲያ ነው የሚሉት። እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ለቤተሰብ ወጥ እንጂ ለድግስ ድስት የተሠራ ነገር አይደለም። እሷ የድስቱን አንድ ጆሮ ያዘች፣ እኔ ሌላውን።

"ልቀቂ፣ እኔ አወርደዋለሁ።"

"እርስዎ ይልቀቁ፣ እትዬ። ቤቴ ነው።"

"ባሌ ነው!"

ማን ሳበ ይላሉ። እሷ ሳበች። እኔ ያዝኩ እንጂ አልሳብኩም፤ የያዘ ሰውና የሳበ ሰው አንድ አይደሉም። የሲጊሪው እግር ታጠፈ፣ ድስቱ በመካከላችን ተገለበጠ። ዘይቱ ገና የሚፈላው ወጥ የእኔን ቀኝ እጅ ከትከሻዬ ጀምሮ፣ ጭኔንም ጨምሮ በላው። የእሷን ደግሞ ግራ እጇንና ጎኗን። ለቀስተኛው ደረቅ ዳቦ በልቶ ሄደ። ይህ የሆነው ኮሮና አገሩን ከመዝጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ጎን ለጎን አስተኙን። ዘመዳሞች መስለናቸው ነው፤ አብረን መጥተን፣ በአንድ ወጥ ተቃጥለን፣ በአንድ ቋንቋ እየጮህን ምን ይምሰላቸው። የእሷ አልጋ በጠያቂ ተሞልቶ ይውል ነበር። አጥንት ያለው ሾርባ፣ እንቁላል፣ ወተት ይመጣላታል። ለእኔ የሚመጣው ከእሷ ከተረፈው ነው፤ እሱንም በእሷ ፊት አልቀምሰውም ነበር። ሐኪሙ ግን ተቆጣኝ። ብዙ የተቃጠለ ሰውነት ቁስሉን ለመድፈን ሲል የራሱን ጡንቻ እየቆረሰ ይበላል፤ ካልበላሽ እጅሽን ነው የምትበዪው አለኝ። የአነጋገር ዘይቤ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነው የነገረኝ።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ታክሲ የለም፣ ቦዳ ሰው አይጭንም። ቁስሉ እንዳይነካ እጄን ከደረቴ ጋር አስረው ወደ ቤት ላኩኝ፤ እንደታሰረ ከረመ። ፋሻው ለመጨረሻ ጊዜ ሲፈታ ቆዳው ድኖ ነበር፤ እንደተኮማተረ ላስቲክ ያብረቀርቃል፤ ግን ድኗል። ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው የጠፋው። እጄ ሰለለ። የላይኛውን ክንዴን በግራ እጄ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ከብቤ ስይዘው ጣቶቼ ተገናኙ። ቢላ አንስቼ ሥጋው ላይ ሳሳርፈው ቢላው ተጋደመ።

በግራ እጄ ሞከርኩ። ጅማቱ ከሥጋው ጋር ገባ። ደንበኞቼ ጨዋዎች ስለሆኑ ዝም ብለው በሉ፤ ጨዋ ስለሆኑም ዳግመኛ አልመጡም። ልጅ ቀጠርኩ፤ ከተፈች፤ ደህና ነው፤ ግን የእኔ አይደለም። ማሽን ግዢ የሚሉኝ ነበሩ። ማሽን ከገዛሁ ከእሷ በምን እለያለሁ? ያለችኝ አንዲት ነገር ያቺ እጅ ነበረች። እጄ ካልተመለሰች ክትፎ ቤቱ የእኔ ሆኖ አይቆይም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሁለታችንንም ለምርመራ በአንድ ቀን ጠሩን። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ አፉን በጭምብል ሸፍኖ፣ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ተናገረ። የእኔን እጅ ያዘ፣ የእሷን ያዘ፣ ቡጎሎቢ አለ፣ ሌላ ነገር አለ። ከጭምብሉ ሥር የሚወጣው ድምፅ ለእኔ ጉርምርምታ ነው። እሷን መጠየቅ ሞት ነበር፤ ጠየቅኋት።

"ምን አለ?"

"ቡጎሎቢ አንድ ክሊኒክ አለ ነው የሚለው። ጡንቻው እንዲመለስ ጨረር ይሰጣሉ።"

"ጨረር? የካንሰሩን?"

ትከሻዋን ሰበቀች። "ጨረር ጨረር ነው እንግዲህ፣ እትዬ። እርስዎ ይወቁ።"

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ጨረር ስትታከም አስታምሜያታለሁ። ፀጉሯ በትራስ ላይ ሲቀር፣ ቆዳዋ እንደተጠበሰ ሲጠቁር፣ ውሃ መዋጥ ሲያቅታት አይቻለሁ። ለእኔ ጨረር የሚባለው ቃል የእህቴ አንገት ነው። አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ፤ አሁን ደግሞ በገዛ እግሬ ሄጄ ልቃጠል? ለሐኪሙ "ኖ፣ ታንክ ዩ" አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። እሷን አየኋት፤ ወለሉን ታያለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ከእኔ በኋላ ምን እንደተባባሉ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ናሙዎንጎ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ቀና ስል ከማዶ አየኋት። እጅጌ አጭር ቀሚስ ለብሳለች። ከተቃጠልን ወዲህ እኔ እጅጌ አጭር ለብሼ አላውቅም። ከመሬት የማቶኬ፣ የዚህ አገር የሚቀቀል ሙዝ፣ ዘለላ አነሳች፤ ሙሉውን ዘለላ፣ በግራ እጇ፣ በዚያችው በተቃጠለችው፤ ቦዳው ጀርባ ላይ ጫነችው። ስታነሳው ክንዷ ላይ አንድ ነገር ከቆዳው ሥር ተንቀሳቀሰ። ጡንቻ ነው።

ባሌን በወሰደች ጊዜ እንዲህ አልነደድኩም። ባል በራሱ እግር ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የተቆጣሁት በእሱም ጭምር ነው። ይህ ግን ንጹሕ ቅናት ነበር፤ ሌላ የተቀላቀለበት ነገር የለም። ሽንኩርቱን ጥዬ ተሻገርኩ።

"እንኳን አደረሰዎ፣ እትዬ።"

"አብሮ ያድርሰን። እጅሽ ምን ሆነ?"

"ምን ሆነ?"

"ሥጋ አብቅሏል።"

ሳቀች። "የመብራቱ ነዋ። ቀይ መብራት ያበሩብኛል፤ ከዚያ ስፖርት ያሠሩኛል።"

"የት?"

"ቡጎሎቢ።"

"ጨረር ነው አላልሽኝም?"

"እሱው ነው።" ቦዳው ላይ ወጣች፤ ማቶኬውን በዚያች እጇ ደገፍ አደረገችው። "ጨረሩ መብራት ሆኖ ተገኘ። ከቻሉ ብቅ ይበሉ።"

ብቅ ይበሉ! እንደ ሰርግ ጠራችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ነገሩን ለጎረቤቴ ነገርኩት። ከወሎ የመጣ ባለሱቅ ነው፤ ቀልድ ይወዳል፤ ሲያስተዛዝን እንኳ ይቀልዳል።

"መብራት ነው ያለችዎት፣ እማማ?"

"መብራት።"

"መብራት ማለት እኮ ኮረንቲ ነው። ቃጠሎው አልበቃ ብሎዎት ነው ኮረንቲ የሚጨምሩበት?"

"እሷን አልገደላትም።"

"እሷን ኮረንቲ አይገድላትም፤ ኮረንቲውን ነው የምትገድለው።"

ያን ቀን ስለዚህ ወሬ ብዬ ስኳር ከእሱ ገዛሁ። በዓሉ እንዳለፈ ቡጎሎቢ ሄድኩ።

ክሊኒኩ ከፎቆቹ ጀርባ ያለ ትንሽ ቤት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወጣት ዑጋንዳዊት ናት፤ ለስላሳ ልጅ። ገና ስገባ "እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጃጃ" አለችኝ። ጃጃ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ከእኔ በፊት የነበረችውን "ማማ" ብላ ስትሸኛት ሰምቻለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልገኝም።

አስተኛችኝ፤ ጠቆር ያለ መነጽር አጠለቀችልኝ። ትናንሽ ቀያይ አምፖሎች የተደረደሩበት ሰሌዳ ወደ ክንዴ አዞረች። ሌላም በእጅ የሚያዝ ነበር፤ ከእሱ የሚወጣውን ብርሃን ዓይን አያየውም አለችኝ። ዓይን የማያየው መባሉ አልተመቸኝም። ጥርሴን ነክሼ፣ ግራ እጄን ጨብጬ፣ ትኩሳቱን ጠበቅሁ።

ጠበቅሁ።

"መቼ ነው የምትጀምሪው?" አልኳት በገበያ ሉጋንዳዬ።

"ልጨርስ ነው፣ ጃጃ።"

ምንም አልተሰማኝም። ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ያህል እንኳ አልሞቀም። ለአንዲት ቃል ብዬ ስንት ወር ቤቴ ቁጭ እንዳልኩ እዚያ ተኝቼ አሰብኩ። መነጽሩ ስለጠበበኝ ዓይኔ ውሃ አወጣ።

ልጅቷ እንዳስረዳችኝ ብርሃኑ ቆዳውን አልፎ ወደ ጡንቻው ይገባል፤ የደከመው ሥጋ ጉልበት እንዲያገኝ ያግዘዋል ይላሉ። ገና የሚጠና ነገር ነው፣ ቃል አልገባልሽም አለችኝ። "ብርሃኑ እጅሽን አያነሳልሽም። አንቺ ስታነሺው ያግዝሻል። እንቁላልና ባቄላም ብዪ።"

"ከእኔ በፊት ለነበረችው ስንት ወር አበራሽላት?"

"ስለ ሌላ ታካሚ አልናገርም፣ ጃጃ።"

"እንግዲያው ለእኔ ደርበሽ አብሪልኝ። ያመለጠኝ አለ።"

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ግን የምሬን መሆኑን አየች። "አይሆንም። መጠን አለው። ከመጠኑ ሲያልፍ አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያዳክማል ይባላል።"

ስለዚህ ሮጦ መድረስ የሚባል ነገር የለም። እሷ ቀድማኛለች፤ የቀደመችኝ ያህል ቀድማኝ ትኖራለች። ከዚያ በኋላ መነጽሩን ባጠለቅሁ ቁጥር የማስበው ይህንን ነበር።

ገና እጄ ነፍስ መዝራት ሲጀምር ዳግመኛ አገር ተዘጋ። መኪና ቆመ። እኔ በእግሬ ሐዲዱን ተሻግሬ መሄድ እችል ነበር፤ ልጅቷ ራሷ ግን በኮሮና ወደቀች፤ ክሊኒኩም ተዘጋ። ቤት ውስጥ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ እያነሳሁ ሞከርኩ፤ የመጣችው ሥጋ ተመልሳ ሄደች። አንድ ቀን አንዲት ሴት ሰላም ልትለኝ ገብታ፣ የጣውንቴም እጅ መቀነሱን፣ ድስት ማንሳት እንደገና ያቃታት መሆኑን ነገረችኝ። ያን ቀን ጥሩ ምሳ በላሁ።

ክሊኒኩ ሲከፈት ልጅቷ ከስታለች፤ ሁለት ቃል ተናግራ ታስላለች። ከብርሃኑ በኋላ የምንሠራበት፣ በእጅ የሚሳብ የላስቲክ ጥብጣብ አለ፤ አንዱን ጫፍ ታካሚው ይይዛል፣ ሌላውን እሷ። አሁን ግን አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ታካሚዎችን ጥንድ ጥንድ አደረገች። እኔ ከብርሃኑ ክፍል ስወጣ ጣውንቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"የአንቺ ቀኝ ነው፣ የእሷ ግራ ነው" አለች ልጅቷ ደስ ብሏት። "ፊት ለፊት ስትቆሙ ልክ ትገጥማላችሁ። ደግሞ የአንድ አገር ልጆች ናችሁ፤ ትግባባላችሁ።"

ተነስተን ቆምን። ጥብጣቡን ሰጠችን። ፊት ለፊት ሆነን፣ የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ ይዘን ስንቆም ሁለታችንም ምን እንዳሰብን ግልጽ ነው።

"እርስዎ ቀስ ብለው ይጀምሩ፣ እትዬ" አለችኝ።

ሳብኩ። ያልጠበቀችውን ያህል ሳብኩ፤ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተንገዳገደች።

"እንዴ!"

መልሳ ሳበች። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ጥብጣቡ ከጣቶቼ ሊያመልጥ ደረሰ።

"ሳቢ እንጂ!" አለች። እርስዎው ጠፋ። "ለዚህ ነው ባልሽን የሰጠሽኝ፤ ልፍስፍስ!"

"ማን ሰጠሽ? ሌባ!"

"መልሰሽ አትወስጂውም ነበር? ሲያንኮራፋ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብ ነበር።"

"እያወቅሽ ነው የወሰድሽው!"

"ልመልስልሽ ልኬው አልነበር? በር ዘጋሽበት!"

ቆምኩ። እውነት ነው፤ አንድ ቀን መጥቶ በሬን አንኳኩቶ ነበር። አልከፈትኩለትም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእሷ የነገራት እሱ ነው ማለት ነው። ከእኔ በር ተመልሶ፣ እሷ ቤት ገብቶ፣ አልከፈተችልኝም ብሎ ነገራት። የላከችው እሷ ከሆነች ደግሞ፣ ያን ቀን በሬ ላይ የቆመው በራሱ ፈቃድ አልነበረም። ከየትኛው በኩል ብይዘው የሚያቃጥል ነገር ነው። ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ።

"በጣም ጥሩ!" አለች ልጅቷ እያሳለች። "እንዲህ ነው! ምን እየተባባላችሁ ነው?"

"እየጸለይን ነው" አለቻት ጣውንቴ በእንግሊዝኛ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ብርሃን፣ ከዚያ ጥብጣብ፣ ከዚያ ስድብ። ሌሎቹ ጥንዶች ጥቂት ስበው ይደክማቸዋል፤ እኛን ልጅቷ ናት በግድ የምታስቆመን። የስድብ ክምችታችን ብዙ ነበር፤ ዓመታት ያጠራቀምነው ነው። ስለ ምግቧ ተናገርኩ፤ ስለ ዕድሜዬ ተናገረች። የማሽን ክትፎሽ የሕፃን ምግብ ነው አልኳት፤ ያንቺን የሚበላው ጥርስ የሌለው ነው አለችኝ። በዚህ መሃል እጄ መሙላት ጀመረ። በመጀመሪያ ጣቶቼ ክንዴን ከብበው መገናኘት አቆሙ። ከዚያ የሻይ ማንቆርቆሪያ አነሳሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቢላውን ሥጋው ላይ አሳረፍኩትና ቆመ፤ አልተጋደመም። ጥቂት ከተፍኩ። ጥቂቱን ራሴ በላሁት፤ ማንም እንዲቀምስ አልፈለግሁም።

የእሷ ግን ከእኔ ይበልጥ ነበር። ሁልጊዜ። ልጅቷ ክንዷን በመለኪያ ስትከባት ፊቷ ይበራል፤ የእኔን ስትለካ "ጥሩ ነው፣ ጃጃ፤ ጥሩ ነው" ትላለች። ሁለት ጊዜ ጥሩ ነው የሚባለው ነገር ጥሩ እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አንድ ቀን ጠየቅኋት። ዕድሜም አለ፣ የቃጠሎው ጥልቀትም አለ አለችኝ። ደግሞ ጡንቻ ሳይሠራ በቆየ ቁጥር መመለሱ ይከብደዋል፤ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ ምናልባት የተሻለ ይሆን ነበር። ምናልባት አለች። እኔ ምናልባቱን አልሰማሁትም።

በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጣውንቴን ጨርሰሻል አሏት። የመጨረሻ ቀኗ ዕለት እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ በረንዳው ላይ ተቀምጫለሁ። ወጥታ ቦዳ እስኪመጣላት አጠገቤ ተቀመጠች። ከፊታችን ቆሻሻ ገንዳው ላይ ሁለት ካሎሊዎች፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞሮች፣ እርስ በርስ እየተያዩ ቆመዋል። ዛሬ ካልጠየቅሁ መቼም አልጠይቅም ብዬ ጠየቅሁ።

"አውቀሽ ነው ወይ ያን ቀን ጨረር ያልሽኝ?"

"አንቺ ምን ይመስልሻል?"

"አውቀሽ ነው።"

"እኔም የካንሰሩ መስሎኝ ነበር እኮ። ሐኪሙ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ለመብራቱም ለካንሰሩም የሚባል ነው። ጨረር ነው የመሰለኝ።"

"ታዲያ ለምን ሄድሽ?"

"ልጄን በአንድ እጅ ማጠብ አቃተኝ። ሳሙናው ከእጄ እያመለጠ፣ ልጄም እያመለጠች። ፀጉሬም ይርገፍ፣ ቆዳዬም ይጥቆር አልኩ።" ወደ ካሎሊዎቹ እያየች ሳቀች። "ፀጉሬ ክሊኒክ ውስጥ ሲረግፍ ላለማየት ብዬ ቀድሜ ተላጨሁ። መላጣዬን ሆኜ ገባሁ። የክሊኒኳ ልጅ 'ማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?' አለችኝ። አምፖል አበራችብኝ፤ አለቀ። ቤቴ ሄጄ መስታወት ሳይ የሳቅሁትን ሳቅ!"

ቦዳው መጣ። ወጣችና በዚያች እጇ የሹፌሩን ትከሻ ያዘች። "ደህና ሁኚ፣ እትዬ" አለችኝ። ልጅቷም ከውስጥ "ጃጃ!" ብላ ጠራችኝ። ጥብጣቡን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመስኮቱ ብረት ላይ ነው የምታስርልኝ። ብረቱን እሷን እንደሳብኳት አልሳብኩትም፤ ልጅቷም ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ዛሬ እከትፋለሁ። ግማሹን ከትፌ አርፋለሁ፤ እጄ መንቀጥቀጡን ሲተው ሌላውን እቀጥላለሁ። ከድሮ ደንበኞቼ የተመለሱ አሉ፤ የሚቸኩሉት አይመጡም። ክትፎ ቤቱ አልተዘጋም። ቀድሞ የነበረው ግን አይደለም፤ እጄም ቀድሞ የነበረችው አይደለችም፤ ወደፊትም አትሆንም።

በረንዳው ላይ የነገረችኝን ብዙ አስቤበታለሁ። ያን ሰሞን ተላጭታ መታየቷ እውነት ነው። ሰዎች መጥተው ነግረውኝ ነበር፤ ተዝካሩ ካለፈ ከስንት ወር በኋላ ሐዘኑ አልወጣላትም፣ ለባሏ ብላ ፀጉሯን ተላጨች አሉኝ። እኔ ሕጋዊ ሚስቱ ፀጉሬን ሸርቤ ተቀምጬ፣ እሷ በሐዘን በልጣኝ ተገኘች ብዬ ስንት ቀን እህል አልበላ አለኝ። አሁን ደግሞ ለእሱ አልነበረም ትለኛለች።

እውነቷን ከሆነ እሷም እንደ እኔ ፈርታ ነበር ማለት ነው። የሰማነው አንድ ቃል፣ የፈራነው አንድ ሞት ነው። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እሷ ፀጉሯን ተላጭታ ገባች። ባሌን ወስዳለች፤ ግቢው ሰፊ ነው ተብሎላታል፤ ማማ ተብላለች፤ እጇ ሞልቷል። ይህን ድፍረቷንም ልጨምርላት? አልጨምርላትም።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አውቃ ዋሽታኛለች። ፀጉሯንም የተላጨችው ለባሌ ነው።